እትዬ የሻረግ ገበያውን የከፈቱ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ የሚመለስ ጎረቤቴን «ገበያው እንዴት ዋለ?» ብለው፣ «ቅቤ ትንሽ ቀንሷል፣ ጨው እንዳለ ነው፣ እትዬ የሻረግ አርፈዋል፣ ሽንኩርት ግን አይቀመስም» አለኝ። በአንድ ትንፋሽ። የሌላ ሰው መርዶ ቢሆን ከዘራዬን አነሳበት ነበር። ለእትዬ የሻረግ ግን ከዚህ የተሻለ መርዶ ከየት ይመጣል? እሳቸውም ቢሰሙ የሚቆጡት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምነው፣ ከጨው በኋላ ጠራኸኝ?» ይሉት ነበር።

አለቀስኩ። ከዚያ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ሚስቴ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለኝ መናገር ጀመርኩና እስካሁን አላቆምኩም።

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ጌሾ እሸጥ ነበር። የጌሾ ተራና የቅቤ ተራ ጀርባ ለጀርባ ስለሆኑ፣ ጣሊያን ገብቶ እስኪወጣ የእትዬ የሻረግ ድምፅ ከማጅራቴ አልወረደም። ድምፅ ስል እንደ እናንተ ድምፅ እንዳይመስላችሁ። ሲያስነጥሱ ጮቄ ተራራ ላይ ያሉ በጎች እረኛ የጠራቸው መስሏቸው ይወርዱ ነበር። ቁመታቸው ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ ነው፤ ተቀምጠው እንኳ ከቆመ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ባላቸው አያ ቸኮል ግን ጭልፋ የምታክል ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ገር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ከሩቅ ያየ ሰው ሴትዮዋ ምርኩዝ የያዙ ይመስለው ነበር።

የዚያን ጊዜ በአገሩ ጋዜጣ የለም፣ ሬዲዮኑም ያለው ጣሊያኖቹ ቤት ነው። እኛ ግን እትዬ የሻረግ ነበሩልን። ከደብረ ወርቅ የመጣ፣ ከመርጡለ ማርያም የመጣ፣ ከአባይ ማዶ የተሻገረ፣ ሁሉም አህያውን ሳያራግፍ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ቆሞ የአገሩን ዋጋ ይናገራል። እሳቸው ደግሞ ከዋጋው ውስጥ መንግሥቱን ያወጡታል፣ ልክ ቅቤ ከወተት እንደሚወጣ።

«እንቁላል ተወደደ» ካሉ አዲስ የጣሊያን ጦር እየመጣ ነው፤ ፈረንጅ ያለ እንቁላል አይነጋለትም። «የጭነት በቅሎ ተወደደች» ካሉ ያ ጦር ሊዘምት ነው። «ብር ተወደደ፣ የጣሊያን ወረቀት ረከሰ» ካሉ ደግሞ አርበኞቻችን ጫካ ውስጥ ደህና ሰንብተዋል ማለት ነው። አንድም ቀን ስተው አያውቁም። እሺ፣ አንድ ቀን ስተዋል፤ እሱንም በርበሬ አሳስቷቸው ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው፣

«የሻረግ ልጄ፣ ይህ ሰውዬ መቼ ነው ካገራችን የሚወጣልን?» ቢሏቸው፣

«አባ፣ እንቁላል ይርከስ፣ ያን ጊዜ ጓዙን ይጭናል» አሉ።

«እንግዲያስ ለዶሮዎቹ እጸልያለሁ» አሉ ቄሱ። ከልባቸው ነበር።

አንድ አባባልም ነበራቸው፤ «መንግሥትን በዘውዱ አትየው፤ ጨው ስንት እንደሆነ ጠይቅ» ይሉ ነበር። ይህን የተናገሩ ሰሞን ሳቅንባቸው። በኋላ ግን ያ ጨው እራሱ መጣብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ነጋሪት ተጎሰመና አዋጅ ተነበበ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ዕቃ በሊሬ እንጂ በጠገራ ብር እንዳይሸጥ፣ ከገበያም የሚቀር ነጋዴ እንዲቀጣ። ሊሬ ማለት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ የተሳለው ሥዕል ያምራል፤ እኔ በበኩሌ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ አይቸው ነበር። ችግሩ ጨው አይገዛም። አሞሌ ጨው ከሰሜን ጭነው የሚያመጡት ሲራራ ነጋዴዎች ወረቀት ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ ከገጠር ቅቤ ተሸክማ የመጣች ሴት ቅቤዋን በወረቀት ከሸጠች፣ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ያለ ጨው ነው። ልጆቿ አልጫ እንኳ ሊባል የማይችል ወጥ ሊበሉ ነው።

ታዲያ ሴቶቹ እምቢ አላሉም። እምቢ ማለት ያስገርፋል። ያደረጉት ይህን ነው።

የእኛ ገበያ አከፋፈት ልማድ አለው። በየተራው አንድ ታላቅ ሻጭ አለች፤ የቀኑን የመጀመሪያ ሽያጭ የምትሸጠው እሷ ነች። የተቀበለችውን ብር ግንባሯን ታስነካና ከመዳብ ሳህን ላይ ትጥለዋለች። ብሩ «ቅጭል!» ሲል ከተራው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ያን ጊዜ ሁሉም «ተከፈተ!» ብሎ ዕቃውን ይገልጣል። ከዚያ በፊት የሸጠ ሰው ገበያው ዓመቱን ሙሉ አይቀናውም፤ አንድ እልኸኛ አጎቴ ሞክሮት በዚያው ሳምንት በሬው ገደል ገብቷል። የቅቤ ተራው ታላቅ እትዬ የሻረግ ነበሩ፤ ሌላውም ተራ ሁሉ እሳቸውን ነበር የሚያዳምጥ።

ከአዋጁ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ሴቶቹ በጠዋት መጡ፣ በየቦታቸው ተቀመጡ፣ ዕቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዋሉ። ወታደር መጥቶ «ለምን አትሸጡም?» ሲል፣ «እትዬ የሻረግ አልከፈቱማ!» ነው መልሱ። እትዬ የሻረግን ሲጠይቅ፣ «የሚከፍት ብር አላገኘሁማ!» ነው። ገበያው እንደ ጸበል ቦታ ጢም ብሎ ሞልቶ ጭው ብሎ ይውላል።

የገበያው ሹም አንድ የጣሊያን ካፒቴን ነበር። የደጋው ፀሐይ ፊቱን አቃጥሎ ስላቀላው ገበያው «ድልህ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ከአማርኛ የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው፤ «ስንት» እና «ምራቂ»። ምራቂ ሻጭ ለደንበኛው ከገዛው ላይ የሚጨምርለት ትንሽ ነገር ነው፤ በጤፉ ላይ አንድ እፍኝ፣ በቅቤው ላይ አንድ ጣት። ድልህ ይህን ልማድ ሲሰማ በደስታ አበደ። አንድ እንቁላል ገዝቶ «ምራቂ!» ይላል። ምን ይጨመርለት? ዶሮዋ?

በሦስተኛው ሳምንት አያ ቸኮል ታሰሩ። ለጦር ሰፈሩ ማድ ቤት አንድ ሙክት በግ ሊሸጡ ሄደው፣ ወጥ ቤቱ ወረቀት ሲሰጣቸው ዝም ብለው የበጉን ገመድ ጎተቱ። ወጥ ቤቱም ጎተተ። አያ ቸኮል በጉን አቅፈው ተኙበት። አራት ወታደር ከበጉ ላይ ሊነቅላቸው አልቻለም፤ በመጨረሻ ከነበጉ አንስተው እስር ቤት ከተቷቸው። በጉ በማግስቱ ተበላ። አያ ቸኮል እዚያው ቀሩ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ድልህ አስተርጓሚውን አቶ ልየውን አስከትሎ እትዬ የሻረግ ደጅ መጣ። እኔ ጌሾ ላሳድር መጥቼ በረንዳው ላይ ነበርኩ። አቶ ልየው የእኛው ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም፤ ፍርሃት ግን አንድም ቀን አይለየውም።

«እትዬ» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ነገ ትልቁ ሹም ከአዲስ አበባ ይመጣል። ገበያው በሊሬ ሲሸጥ አይቶ ፎቶግራፍ ሊያነሳ ነው። ገበያውን በወረቀት ከከፈቱ አያ ቸኮል ነገውኑ ይለቀቃሉ። ካልከፈቱ ሰኞ በካሚዮን ተጭነው ይሄዳሉ ይላል።»

«ወዴት?»

«ከዚያ የተመለሰ ሰው ስለሌለ ስሙን አላወቅነውም፣ እትዬ።»

ካፒቴኑ ሲሄድ እትዬ የሻረግ ከደጁ መለስ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ይቀበሉት በቃ፣ እትዬ» አልኩ። «አንድ ወረቀት ነው።»

«አንተ ጌሾ! አንድ ወረቀት ከኔ እጅ ከገባ ሺህ ይከተለዋል። የሻረግ ተቀበለች ከተባለ የትኛዋ ሴት እምቢ ትላለች? በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺ ከቆላ የምትመጣው ባልቴት ቅቤዋን ሰጥታ ሥዕል ይዛ ትገባለች። ለልጆቿ ሥዕሉን ትቀቅልላቸው?»

«እና አያ ቸኮልስ?»

«ቸኮል ለአንድ በግ ያልተቀበለውን እኔ ለሱ ብዬ ብቀበል፣ ወጥቶ ዓይኔን የሚያይ ይመስልሃል?» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ግን ደግሞ እሱ የሌለበት ቤት ምን ያደርግልኛል? ከሱ ሌላ ማን ዝም ብሎ ያዳምጠኛል?»

ተነሱና የመዳብ ሳህናቸውን በአመድ ይፈትጉ ጀመር። ምን እንዳሰቡ አልነገሩኝም። ኋላም ሲጠየቁ «እኔ ምን አስቤ፣ ሳህኑ ነው ያሰበው» ይሉ ነበር።

በማግስቱ ገበያው ጢም አለ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ትልቁ ሹም መጣ፤ ሸበቶ፣ ቦርጫም፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው። ከኋላው አንድ ወታደር ባለ ሦስት እግር የፎቶግራፍ መሣሪያ ተሸክሟል። ድልህ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቅቤ ተራ መራው። እትዬ የሻረግ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ከፊታቸው ደርድረው ተቀምጠዋል። ሳህኑ ከፀሐይ ጋር ይወዳደራል።

ድልህ አዲስ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። እትዬ የሻረግ ፈገግ ብለው ተቀበሉ! ግንባራቸውን አስነኩ። ከዚያ እጃቸውን ከፍ አድርገው በሳህኑ ላይ ለቀቁት።

ወረቀቱ እንደ ደረቀ ቅጠል ተንሳፈፈ፣ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ ሳህኑ ላይ ተጋደመ። ዝም።

እትዬ የሻረግ ዞር ብለው «ሰማችሁ ወይ?» አሉ።

«ኧረ አልሰማንም!» አለ የቅቤ ተራ።

አንስተው እንደገና ለቀቁት።

«ሰማችሁ?»

«አልሰማንም!» አለ የቅቤ ተራ፣ የጌሾ ተራ፣ የበርበሬ ተራ። እኔ ከሁሉ በላይ ጮኼ ነበር፤ ጆሮዬ ደህና መሆኑን እግዜር ይወቅ።

ድልህ ቲማቲም ሆነ። ኪሱን በርብሮ የሊሬ ሳንቲም አወጣና እራሱ ጣለው። «ጢቅ» አለች።

«ጉንዳን ነው የወደቀ?» አለች አንዲት የበርበሬ ሻጭ፣ ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ትልቁ ሹም ነገሩ ሁሉ ለሱ ክብር የተዘጋጀ ጨዋታ መስሎት አብሮን ሳቀ። «ምንድን ነው የሚሉት?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ልየው የመጀመሪያው ገንዘብ መዳቡ ላይ ካልጮኸ ገበያ እንደማይከፈት፣ ይህም ከአባት ከእናት የመጣ ልማድ እንደሆነ አስረዳ። ይህ ልጅ በሕይወቱ ሙሉ እውነት የተናገረው ያን ቀን ነው። ሹሙ ወደ ፀሐዩ አየ፤ ወደ ፎቶግራፍ አንሺው አየ፤ ዕቃው ሁሉ እንደተሸፈነ ነው። የተሸፈነ ገበያ ምኑ ፎቶ ይነሳል? ደረት ኪሱ ገባና ለሚስቱ ማስታወሻ ሊወስድላት የገዛውን አንድ ጠገራ ብር አወጣ። ድልህ በጆሮው ሊያንሾካሹክ ሲንጠራራ፣ እንደ ዝንብ በእጁ ገፋው።

እትዬ የሻረግ ብሩን ተቀበሉ። ግንባራቸውን አስነኩ። ከሳህኑ በላይ ያዙት። ግን አልለቀቁትም።

«አቶ ልየው» አሉ፣ «ለጌታው ንገርልኝ። ካፒቴናችን የምራቂ ልማድ አዋቂ ናቸው። ዛሬ ቅቤውን እሰጣለሁ፣ ምራቂውን ግን ለኔ ይጨመርልኝ።»

«ምን ይጨመርልዎ፣ እትዬ?»

«ባሌን።»

አቶ ልየው ቀስ ብሎ ተረጎመ። ሹሙ ድልህን ጠየቀው። ድልህ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ከተናገረው የገባኝ ቃል ባይኖርም በጉን ለማሳየት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ቀንድ ሲያደርግ አይቻለሁ። ሹሙ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እትዬ የሻረግ ግን ብሩን በሁለት ጣት ጨብጠው ከሳህኑ በላይ እንደያዙ ናቸው። ብሩ ከጣታቸው ቢያመልጥ ሁሉም ነገር ያመልጣል።

«አምጡት» አለ ሹሙ።

አያ ቸኮል በሁለት ወታደር መካከል መጡ፤ ጢማቸው አድጎ፣ የበጉን ገመድ አሁንም በእጃቸው ጨብጠው። ሰውን ሁሉ አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ሹሙን አዩና፣

«በጌስ?» አሉ።

እትዬ የሻረግ ያን ጊዜ ብሩን ለቀቁት።

ቅጭል! እኔ እላችኋለሁ፣ አባይ ማዶ ሸዋ ተሰምቷል። «ተከፈተ!» አለ ገበያው፣ ነጠላ ሁሉ ተገለጠ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ጨርቁን ራሱ ላይ ደፍቶ ወዲያና ወዲህ ሮጠ። ከዚያ ወዲያ ወረቀት ይዞ ለመጣ ሁሉ ሴቶቹ በትሕትና ሳህን ያቀርቡለታል፤ «ይጣሉት እስኪ፣ ጌታዬ፣ ከጮኸ እንሸጥልዎታለን።» አዋጁን ማንም አልሻረውም። ድልህ እንዳይቆጣ፣ መጀመሪያ የጣሰው የራሱ አለቃ ነው፤ ፎቶውም አለ። አዋጁ እንደ ሽማግሌ ድመት አንድ ጥግ ሄዶ ሞተ።

አያ ቸኮል ግን የበጋቸው ነገር አልወጣላቸውም። ቁይ ገበያ በግ ርካሽ ነው ተብሎ፣ ወር እንኳ ሳይሞላ ሦስታችን ወደ ቁይ ወረድን። እትዬ የሻረግ እዚያ ሄደው አያውቁም፤ የሚያውቃቸውም የለም። ደክሟቸው ነበርና ነጠላቸውን ተከናንበው ከአንዲት በግ ሻጭ አጠገብ አረፍ አሉ። ሳህን አጠገቧ አስቀምጣለች። እትዬ የሻረግ አዩት።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«አልሰሙም እንዴ? እርስዎ ከየት አገር ነው የመጡ?» አለች ሴትዮዋ። «ደብረ ማርቆስ አንዲት ሴት አለች። ጣሊያን ወረቀት ሲሰጣት ሳህኗ ላይ ጣለችው፣ ሳህኑ በሰው አፍ ‹አልቀበልም!› ብሎ ጮኸ። ጣሊያኑ ተንበርክኮ አንድ ቁና ሙሉ ብር ሰጣት።»

እኔ አፌን ስከፍት እትዬ የሻረግ በክርናቸው ጎሰሙኝ። እኔን የሚያስንቅ ውሸታም ቁይ ላይ አገኘሁ ማለት ነው።

«እሰይ! ከዚያስ?» አሉ ጠጋ ብለው።

«ከዚያማ ባሏ እስር ቤቱን በትከሻው ሰብሮ ወጣ!»

«ወጣላት?»

«ወጣላት እንጂ! ግዙፍ ሰው ነው አሉ። በር የማይበቃው። አራት ወታደር በአንድ እጁ የሚያነሳ።»

አያ ቸኮል ከጎናችን በጎቹን እየዳበሱ ነበር። እጃቸው ቆመ። ቀስ ብለው ቀና አሉ፣ ትከሻቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

እትዬ የሻረግ ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው፤ ደግመው ከራስ እስከ እግር አዩዋቸው።

«እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁ» አሉ።